የጋሽ ልሳነወርቅ ሦስት ጉድጓዶች

ጃንዋሪ 11፣ ቅዳሜ

ጋሽ ልሳነወርቅ አሌክሳንድሪያ ያለውን ቤታቸውን ለእኛ ለመሸጥ ዛሬ ተስማሙ።

የተስማሙት በማኅበራችን ላይ፣ አሥራ አራት ሰው በተቀመጠበት ነው። ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት ነው፤ ጡረታ የወጡ የውሃ መሐንዲስ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አየለች ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። ሲያትል ያለችው ልጃቸው እኔ ጋ ይምጡ ማለቱን አላቆመችም፤ በኤፕሪል አጋማሽ ሊሄዱ ቆርጠዋል። "ለማላውቀው ሰው ከምሸጠው ንጉሡ ይግባበት" አሉ። ንጉሡ እኔ ነኝ።

ቀሪውንም በትክክል ልመዝግበው። የቤት ኤጀንታችን ዳጊ ሥራው ነውና፣ ከግዢ በፊት ቤቱን በባለሙያ ስለማስፈተሽ አንሥቶ "ኢንስፔክሽኑን መቼ እናድርገው?" ሲል ጠየቀ። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ "ለጋሽ ልሳነወርቅ ቤት ኢንስፔክሽን አያስፈልግም፤ የእሳቸው ቃል ይበቃኛል" አልኩ። ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት "እንዲህ ያለ ጨዋ ዛሬ የት ይገኛል" ስትል ሰማሁ። ደስ አለኝ። ባለቤቴ ስመኝ ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችና መልሳ አነሳችው።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖርበት አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። የአሌክሳንድሪያው ቤት መኝታውም መታጠቢያውም ከሳሎኑ ጋር በአንድ ወለል ላይ ነው። ስመኝ ኤፕሪል 24 ግራ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ትደረጋለች፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ደረጃ ክልክል ነው። ባለፈው ዓመት አራት ቤት ላይ ዋጋ አቅርበን አራቱንም ሌላ ሰው ወሰዳቸው። ስለዚህ ይህ ቤት ለእኛ አምስተኛው ነው፤ ሐኪሟ ለወሰነው ቀን ሊደርስ የሚችለው ግን እሱ ብቻ ነው።

ጃንዋሪ 13፣ ሰኞ

ቤቱ የሚሞቀው በጂኦተርማል ነው። ጓሮው ውስጥ ሦስት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ቱቦ ገብቶባቸዋል። በቱቦው ውስጥ ውሃ ይዞራል፤ በክረምት ውሃው የመሬቱን ሙቀት ይዞ ይወጣል፤ ከቤቱ ሥር፣ ቤዝመንት ውስጥ ያለው ማሽን ሙቀቱን ከውሃው ተቀብሎ ለቤቱ ይሰጣል። ይህን ያህል ማስረዳት የቻልኩት ስለ ቤቱ ራሴ ጽፌ ስለነበር ነው።

ጽሑፉን ዛሬ ከአልጋ ሥር ካለው ካርቶን አወጣሁት። በወር አንድ ጊዜ የምናወጣው የማኅበረሰቡ ጋዜጣ፣ በፈረንጅ 2012፣ ገጽ አምስት። ርእሱ "ከምድር ሆድ የሚሞቅ ቤት" ይላል።

አዲስ አበባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጋዜጣ ላይ ሠርቻለሁ። የሰው ጽሑፍ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ምንጮቹን መቁጠር ነበር። የራሴን ቆጠርኩ። አንድ ነው፤ እሱም የቤቱ ባለቤት። ማሽኑ "ድንቅ"፣ "ድምፅ አልባ" እና "የማይደክም" ተብሏል። ጸሐፊው ማሽኑን ስለማየቱ የተጻፈ ነገር የለም፤ ምክንያቱም አላየሁትም። ጋሽ ልሳነወርቅ ወደ ቤዝመንት ሊወስዱኝ ሲነሡ ወይዘሮ አየለች ክትፎ ይዘው መጡ። ከዚያ መሸ።

"የማይደክም።" ከሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ቢሆን በቀይ እሰርዘው ነበር፤ ጸሐፊውንም አስጠርቼ የትኛውን ማሽን ነው ያየኸው እለው ነበር።

ጃንዋሪ 20፣ ሰኞ

በዓል ስለሆነ የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ዝግ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከስመኝና ከዳጊ ጋር ቤቱን ልናይ ሄድን።

ጋሽ ልሳነወርቅ በሩን ሲከፍቱ ካፖርት ለብሰው ነበር። ገና ከውጭ መግባታቸው ነው አሉ። ጫማቸው ግን የቤት ነጠላ ጫማ ነው፤ በዚህ ብርድ በነጠላ ጫማ መውጣታቸው ጥንካሬያቸውን ያሳያል።

ከሳሎኑ ጎን ባለች ትንሽ ክፍል ነው የሚውሉት። መጽሐፍ፣ ሬዲዮ፣ ብርድ ልብስ፣ ከጠረጴዛው ሥር አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ። የሌሎቹ ክፍሎች በር ተዘግቷል። ቁጥብ ሰው ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ካለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ቴርሞስታት ጎን ትንሽ ቀይ መብራት በርታለች። በማስታወሻዬ "ቀይ መብራት በርቷል፤ ይሠራል" ብዬ ጻፍኩ።

ዘንድሮ ቤዝመንቱን አየሁ። ማሽኑ እንደ ፍሪጅ ያለ ግራጫ ሣጥን ነው። ከልብስ ማጠቢያው ቧንቧ ተነሥቶ እስከ ማሽኑ ሥር የተዘረጋ አረንጓዴ የአትክልት ጎማ አለ። በጃንዋሪ እንኳ አትክልታቸውን አይረሱም ብዬ አደነቅሁ። በማሽኑ ትይዩ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጽሑፌ በመስታወት ፍሬም ተሰቅሏል።

"የዚህ ቤት ኢንስፔክሽን ይኼ ነው" አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ ለዳጊ፣ ጣታቸውን ፍሬሙ ላይ አድርገው። "እሱ ራሱ የመሰከረው።"

ዳጊ ጎንበስ ብሎ አነበበ። "ጋሽ ንጉሡ፣ ሲጽፉ ኃይለኛ ነዎት።"

ስመኝ ከገባን እስከወጣን ኮቷን አላወለቀችም። መኪና ውስጥ "ቤቱን እንዴት አየሽው?" አልኳት።

"መኝታ ቤቱ ጥሩ ነው" አለች። ትንሽ ቆይታ፣ "ጋሽ ልሳነወርቅ ግን ሲናገሩ ትንፋሻቸው ይታያል" አለች።

ጃንዋሪ 22፣ ረቡዕ

በሥራ ላይ። የጋራዡ ቢሮ ማሞቂያ ተበላሽቷል፤ ጓንት አድርጌ እየጻፍኩ ነው።

ትናንት ስመኝ ደረጃው መሃል ላይ ቆመች። የያዝኩትን ዕቃ አስቀምጬ ተመለስኩ። "ደረጃውን እንድትቆጥር ነው የቆምኩት" አለች። ቆጠርኩ፤ አርባ ሁለት ናቸው።

ጃንዋሪ 29፣ ረቡዕ

ከእራት በኋላ።

"አንድ ሰው ጥራና ያን ማሽን ይየው" አለች ስመኝ።

"ቃሌን ሰጥቻለሁ።"

"ለማን?"

"ለጋሽ ልሳነወርቅ። ሰው ሁሉ ፊት።"

"እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ። ለእኔ የሰጠኸኝ ቃል የለም?"

ወይዘሮ አየለች ሲያርፉ ማን ሬሳ እንደተሸከመ፣ እኛ እዚህ አገር ስንመጣ ማን አንድ ወር እንዳስጠለለን፣ አንድን ሽማግሌ እንደ ሌባ ቤቱን ማስፈተሽ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳኋት። ጥሩ አድርጌ ያስረዳሁ ይመስለኛል። ወደ ሩብ ሰዓት ፈጀ።

"አንተ" አለች ስጨርስ፣ "የሟች ስም በሁለት ሰው ሳታረጋግጥ የሐዘን ማስታወቂያ አታወጣም። እኔን ግን በአንድ ሰው ወሬ ልታስገባኝ ነው።"

ወሬ ሳይሆን የባለሙያ አስተያየት ነው አልኳት። ሳህኑን አንሥታ ሄደች። አሁን ሳስበው ሩብ ሰዓት በዝቷል።

ፌብሩዋሪ 6፣ ሐሙስ

በድብቅ ለአንድ ቤት መርማሪ ደወልኩ። ጣራ፣ መሠረት፣ የኤሌክትሪክ መስመር አያለሁ አለ። ጂኦተርማል? አየር ማጣሪያው መቆሸሹን ያያል፤ ማሽኑ እንደሚነሣ ያያል፤ መሬት ውስጥ ያለውን ግን የዚያ ሙያተኛ ካልሆነ ማንም አይነግርህም አለኝ። ስለ ግልጽነቱ አመሰገንኩት። ስሜን ሲጠይቀኝ የሌላ ሰው ስም ነገርኩት። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ ሰውየው የማኅበራችን አባል አይደለም፣ ሐበሻም አይደለም።

ፌብሩዋሪ 11፣ ማክሰኞ

የመኪና ቁልፌን ከማስቀምጥበት ሳህን ውስጥ አንድ የቢዝነስ ካርድ አገኘሁ። "ሲሐም፣ የጂኦተርማል ቴክኒሻን፣ ሄርንደን" ይላል። እንዴት እዚያ እንደገባ አልገባኝም። ጋዜጠኝነት አንዴ ከያዘህ መረጃ ራሱ እየመጣ ይፈልግሃል።

ፌብሩዋሪ 12፣ ረቡዕ

ለሲሐም ከጋራዡ ደወልኩላት። ወጣት ድምፅ ነው፤ አማርኛዋ የመርካቶ ልጅ አማርኛ ነው።

"አንድ ቤት አለ" አልኳት፣ "አድራሻውን ለጊዜው አልናገርም።"

"አሌክሳንድሪያ ያለው? ሦስት ጉድጓድ ያለው?"

እንዲህ ቶሎ የሚገባት ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

ሁኔታውን ገለጽኩላት። ባለቤቱ ትልቅ ሰው መሆናቸውን፣ መርማሪ አልልክም ማለቴን፣ መንገድ ግን ማግኘቴን። ጋዜጣው ላይ "ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ" የሚል ተከታይ ጽሑፍ አዘጋጃለሁ፤ እሷ የጋዜጣው ፎቶ አንሺ ሆና ትገባለች።

እሷ ግን፦ "ጋሼ፣ የእኔ ዕቃ ካሜራ አይመስልም።"

"ቦርሳ ውስጥ ይገባል።"

"ደግሞ እኔ አልዋሽም። ፎቶ አነሣለሁ፤ ለሪፖርቴም ስለማነሣ ውሸት አይደለም። ከጠየቁኝ ግን ማን እንደሆንኩ እነግራቸዋለሁ።"

በዚህ ተስማማን። አይጠይቁም ብዬ ነው የተስማማሁት። ቀጠሮዋ ግን እስከ ማርች 8 ሙሉ ነው፤ በክረምት የሁሉም ሰው ማሽን ይቆማል አለች።

ፌብሩዋሪ 28፣ ዓርብ

ኮንትራቱ ተፈረመ። ሴቨን ኮርነርስ ባለው የዳጊ ቢሮ።

ዳጊ የኢንስፔክሽኑን አንቀጽ ሳይነግረኝ አስገብቶታል። ለብቻው ወስጄ "ይኼ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ፎርሙ ላይ ያለ ነው ጋሼ። ካልፈለጉ አይጠቀሙበትም። እስከ ማርች 14፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ኖቲስ፣ የጽሑፍ ማሳወቂያ ማለት ነው፣ ካልላካችሁ ቤቱን እንዳለ ተቀበላችሁ ማለት ነው፣ ዛትስ ኢት።"

"ጋሽ ልሳነወርቅ ቢያዩትስ?"

"መነጽራቸውን አድርገዋል እኮ።"

አዩት። እያንዳንዱን ገጽ አነበቡ፤ እዚያ አንቀጽ ላይ ጣታቸው ቆመ። "አሥራ አራት ቀን" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ ፈረሙ። ቅር የተሰኙ መሰለኝ። ስመኝ ግን "ትከሻቸው ቀለል ሲል አላየህም?" ትላለች። አላየሁም።

ማርች 3፣ ሰኞ

ደውዬ ለጋሽ ልሳነወርቅ የተከታዩን ጽሑፍና የፎቶ አንሺዋን ነገር ነገርኳቸው። "ቅዳሜ ኑ" አሉ። ቀጥለው "ፎቶ አንሺዋ ቤዝመንት ትወርዳለች?" አሉኝ። ትወርዳለች አልኩ። "ጥሩ" አሉ።

ሁሉም በታሰበው መንገድ እየሄደ ነው።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

ይህን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፤ ነገ ለራሴ አሳምሬ እንዳልነግረው።

ሲሐም በነጭ ቫን መጣች። ቫኑ ላይ የድርጅቱ ስም ከነሥራው ክንድ በሚያህል ፊደል ተጽፏል። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሁለት ቤት አልፋ እንድታቆም ለመንኳት። "ዕቃው ይከብደኛል ጋሼ" አለችና ልክ በሩ ላይ አቆመች።

ጋሽ ልሳነወርቅ በካፖርታቸው ከፈቱ። "ለጋዜጣው፣ ያልኩዎት ተከታይ…" ብዬ ጀመርኩ። ዓይናቸው ሲሐም እጅ ላይ ነው።

"ልጄ፣ ይኼ የግፊት መለኪያ አይደለም?"

"ነው ጋሼ።"

"እስከ ስንት ያነባል?"

"እስከ መቶ።"

"ይኼ ሰውዬ ፎቶ ታነሣለች ብሎኝ ነበር።"

"ፎቶም አነሣለሁ። ለሪፖርቱ።"

ወደ እኔ ዞሩ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እንደ ተማሪ ነው ያዩኝ። "አንተ ሳሎን ቁጭ በል። ፍላስኩ ውስጥ ሻይ አለ" አሉና ሲሐምን ይዘው ወረዱ።

እንግዲህ እንደ 2012ቱ ሳሎን ቀረሁ። የአሁኑ ልዩነት ዐቢይ ጾም መሆኑ ብቻ ነው። ሻይ ቀዳሁ። ከታች ስትስቅ ሰማኋት፤ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። በኮሪደሩ ሄድ መለስ አልኩ። ቀይ መብራቷ በርታለች። ሁለተኛ ብርጭቆ ልቀዳ ስል እጄ ቆመና፣ ስለዚህ ማሽን ልጽፍ ብዬ ሁለት ጊዜ መጥቼ ሁለት ጊዜ ስጠጣና ስበላ ልቀር ነው ብዬ ወረድኩ።

ሲሐም ማሽኑ አጠገብ ተንበርክካ ቱቦው ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ የመለኪያዋን መርፌ አስገብታለች። የመለኪያው ጠቋሚ አልተነሣም።

"ዜሮ ነው" አለች።

"አውቃለሁ" አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ።

"በአትክልት ጎማው እየሞሉት ነበር?"

"በወር አንድ ጊዜ። ቅዝቃዜው ሲጠና በሳምንት።"

"ውሃው መሬት ውስጥ እየፈሰሰ ነው ጋሼ። በየጊዜው ባዶ ውሃ ሲጨመርበት፣ እንዳይቀዘቅዝ የሚከላከለው ኬሚካልም ታጥቦ አልቋል። ማሽኑ ውሃ ሲያጣ ራሱን ዘግቷል፤ ራሱን ባይዘጋ ይቃጠል ነበር።"

"ታዲያ ቤቱ በምን ይሞቃል?" አልኩ እኔ። ሁለቱም አዩኝ።

"ላይ ቀይ መብራት አለች አይደል?" አለች ሲሐም። "ማሽኑ ቆሟል፣ ቤቱ በመጠባበቂያው በኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ እየሞቀ ነው ማለቷ ነው። ትልቅ የዳቦ ቶስተር በሉት፤ የኤሌክትሪክ ሂሳቡ ስለማይቻል ጋሼ ዝቅ አድርገውታል።"

ማስታወሻ ደብተሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። በውስጡ ምን እንደተጻፈ አውቃለሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳቸው።

"ከአምና ጀምሮ። አየለች ካረፈች በኋላ ባለው ክረምት። የቆፈረው ድርጅት ተዘግቷል። ሌላ ልጠራ ነበር።"

"ለምን አልጠሩም?"

አገጫቸውን ወደ ግድግዳው ፍሬም ቀና አደረጉ። "ያንተን ጽሑፍ ይዞ ስንት ሰው እዚህ ቤት እንደመጣ ታውቃለህ? ሦስት ቤተሰብ እሱን አንብቦ አስቆፍሯል። ማኅበር በሄድኩ ቁጥር ‹ጋሼ፣ ማሽኑ እንዴት ነው?› ይሉኛል። አይደክምም እላለሁ። ምን ልበል?"

"ለእኔ ግን ቢነግሩኝ…"

"አንተማ ቃልዎ ይበቃኛል አልክ፤ አሥራ አራት ሰው ፊት። ኢንስፔክሽን ብትጠይቀኝ ኖሮ የሚመጣው ሰው ይናገርልኝ ነበር። ያን በር የዘጋኸው አንተ ነህ። ከዚያ በኋላ ‹ቃሌ አይበቃም› ብሎ መጀመር ለሰው ልጅ ይከብዳል፣ ንጉሡ።"

ሲሐም ጥግ ላይ ቱቦዎቹ የሚገቡበትን ቦታ በባትሪ እያየች ነበር። "ይኼን ማን አሰበው?" አለች። "ሦስቱም ጉድጓድ የየራሱ መዝጊያ ቫልቭ አለው። እያንዳንዱን ለብቻ ዘግቶ መፈተሽ ይቻላል። ብዙ ቤት ላይ እንዲህ የለም።"

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ። ከጃንዋሪ ወዲህ ቀና ብለው ሲቆሙ ያየሁት ያኔ ነው።

ረቡዕ ተመልሳ ሦስቱንም ለየብቻ በግፊት ትሞላቸዋለች። ሌሊቱን የያዘው ጤነኛ ነው፤ የወረደው የሚፈሰው ነው።

ስንወጣ መኪናው አጠገብ ሲሐምን አመሰገንኳትና "ካርድሽን ማግኘቴ ዕድል ነው" አልኳት።

"ማዳም ስመኝን ሰላም ይበሉልኝ" አለች። የስመኝን ስም ነግሬያት አላስታውስም።

ማርች 9፣ እሑድ

ለጋዜጣው እርማት ጻፍኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ገጹ ስለ እኔ ነው። እንደገና ጻፍኩት፤ አምስት መስመር። ሦስቱ ስለ እኔ ናቸው። በመጨረሻ ይህ ቀረ፦ "በ2012 ስለ አንድ የጂኦተርማል ቤት በወጣው ጽሑፍ ማሽኑ የማይደክም ተብሏል። ጸሐፊው ማሽኑን አላየውም ነበር። ይህን ማሽን ያስተከሉ ቤተሰቦች በየዓመቱ በባለሙያ ያስፈትሹት።"

የሚቀጥለው እትም ገና ሦስት ሳምንት አለው። ለጋሽ ልሳነወርቅ መጀመሪያ አነብላቸዋለሁ።

ስመኝ ረቂቁን አየች። "‹ጸሐፊው› ማን ነው?" አለች።

"እኔ።"

"ታዲያ እኔ በል።"

ማርች 12፣ ረቡዕ

ሲሐም ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሞልታ ሄደች። ጋሽ ልሳነወርቅ ሦስቱን መለኪያዎች በየሰዓቱ እያነበቡ ቁጥሩን በስልክ እየጻፉልኝ ነው። የመጀመሪያውና ሦስተኛው አልተነቃነቁም። ሁለተኛው ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ መውረድ ጀምሯል። ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላ ነጥብ ያደርጋሉ። መሐንዲስ ናቸው።

ስመኝ ዛሬ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ወደ ላይ አየችና "ዛሬ መኪና ውስጥ ልደር ይሆን?" አለች። ቀልዷ ነው። ይዤያት ወጣሁ። ሁለት ጊዜ አረፍን።

ማርች 13፣ ሐሙስ

ጠዋት የሲሐም ሪፖርት ደረሰ። ሁለተኛው ጉድጓድ ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ወርዷል፤ ሁለቱ ይዘው አድረዋል። የሚያንጠባጥበው ጥልቅ ውስጥ ነው፤ ቆፍሮ መጠገን አይቻልም። የተበላሸውን ዘግቶ ቤቱን በሁለቱ ማሞቅ ይቻላል፤ በጣም በሚቀዘቅዝባቸው ቀናት ኤሌክትሪኩ ያግዘዋል። ቱቦው መታጠብ አለበት፤ ኬሚካሉ እንደገና መሞላት አለበት። ማሽኑ ራሱ በሕይወት መኖሩ የሚታወቀው ግን ውሃው መዞር ከጀመረ በኋላ ነው። "ከዚያ በፊት ይሠራል የሚልዎ ሰው ካለ አይመኑት፤ እኔንም ጨምሮ" ብላ ጽፋለች። ይህን ዓረፍተ ነገር በ2012 ብጽፈው ኖሮ ይሄን ሁሉ ገጽ አልጽፍም ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ልሳነወርቅ ደወሉ። ሪፖርቱን አንብበዋል።

"ሁለተኛውን ድሮም ጠርጥሬው ነበር" አሉ። "ሲቆፍሩት ድንጋይ አስቸግሯቸው ነበር። አሠራዋለሁ። ሁሉንም ከመሄዴ በፊት አሠራዋለሁ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ።"

"አንድ ነገር ብቻ። በወረቀት አታድርገው። ኮንትራቱን የምታየው ሲያትል ያለችው ልጄ ነች፤ በወረቀት ከመጣ አባባ ይኼን ሁሉ ጊዜ ብርድ ላይ ነበሩ ትለኛለች። እስካሁን አልነገርኳትም። ቃሌን ግን ለአንተ ሰጥቼሃለሁ።"

ጋራዡ ውስጥ አንድ መኪና ጡሩንባ ይነፋል፤ ትኬት የጠፋበት ሰው ነው። "እሰማዎታለሁ" አልኩ። "እሺ" አላልኩም። ለእኔ ይህ ትልቅ ድፍረት ነው።

ለዳጊ ደወልኩለት። "ቃላቸው ወርቅ ነው፣ ኖ ዳውት" አለ። "ነገር ግን ነገ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ወረቀቱ ካልሄደ፣ እሳቸው ቢሞቱ፣ ቢታመሙ፣ ልጅየዋ ሐሳቧን ብትቀይር፣ ቤቱን እንዳለ ገዝታችኋል። ከነቀይ መብራቱ። እሳቸው ይቆጣሉ ብለው ከሆነ ደግሞ፣ ወረቀቱ ላይ ‹ጥገና እንጠይቃለን› የሚል ሣጥን አለ፤ ኮንትራቱን ማፍረስ ብቻ አይደለም ያለው።"

"ከጠየቅናቸውና ልጃቸው እምቢ ካለችስ?"

"ያኔ ቤቱን ልታጡት ትችላላችሁ፣ ጋሼ።"

ይኸው ነው ነገሩ። ወረቀቱን ብልክ ቤቱን ላጣው እችላለሁ፤ ካጣሁት ስመኝ ኤፕሪል 24 ከሆስፒታል የምትመለሰው ወደ አርባ ሁለቱ ደረጃ ነው። ባልልክ ደግሞ የምትገባው ሲናገሩ ትንፋሽ ወደሚታይበት ቤት ሊሆን ይችላል፤ በእጄ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱንም የሰጡኝ፣ ቃልዎ ይበቃኛል ብዬ በአደባባይ እውነቱን የሚናገሩበትን በር የዘጋሁባቸው ሰው ናቸው። አንድን አዛውንት አባት በልጃቸው ፊት ማዋረድም አለ። ይህን ስጽፍ ስንት ጊዜ "እኔ" እንዳልኩ ቆጥሬ ተውኩት።

ስመኝ ፎርሙን ከሥራ ቦታዋ አትማ አመጣችው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ የሲሐም ሪፖርት ከሥሩ ነው። ሦስት ሣጥኖች አሉት፦ እንዳለ እንቀበላለን፣ ጥገና እንጠይቃለን፣ ኮንትራቱን እናፈርሳለን።

"አንቺ ምን ትያለሽ?" አልኳት።

"ስለ ጉልበቴ ብዬ አልጫንህም።"

"ተጫኚኝ።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ አሳረፈች። "እሳቸው ሁለት ክረምት ብርድ ላይ የተቀመጡት ማንም ደፍሮ ስላልጠየቃቸው ነው" አለች። "አሁንም ሳትጠይቃቸው ልትሸኛቸው ነው። ለልጃቸው ራሳቸው ደውለው እንዲነግሯት ጠይቃቸው፤ ከዚያ ወረቀቱን ላክ። ወይም ካልቻልክ ሳትልክ ተወው፤ ግን ጨዋ ስለሆንኩ ነው እንዳትለኝ።"

ነገ ከሥራ ቀጥታ አሌክሳንድሪያ ሄጄ ወረቀቱን መጀመሪያ በእጄ ላሳያቸው እያሰብኩ ነው። እሱም ደግሞ ሌላ ማምለጫ ሊሆን ይችላል፤ ሻይ ይቀርባል፤ ይመሻል።

ማብቂያው ነገ ዓርብ፣ ማርች 14፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። እኔ ከጋራዡ የምወጣው አሥራ አንድ ላይ ነው። በመካከሉ አራት ሰዓት አለ፤ መንገዱ አንዱን ይወስደዋል።